የአንጀት ስፌት መዘዝ በቀዶ ሕክምና ታሪክ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የትልቁን አንጀት ካንሰር በቀዶ ሕክምና ያወጣ ሐኪም ዋና ሥጋቱ የካንሰሩ ማገርሸት አልነበረም። ሕመምተኛው የሚሞተው ከዚያ አስቀድሞ፣ ከስፌቱ ሾልኮ በሚፈስ ሰገራ ሆድ ዕቃው ተመርዞ ነውና። ዮሐን ሚኩሊች ዕጢውን ከነአንጀቱ ከሆድ ውጭ አውጥቶ በሌላ ቀን መቁረጥን መረጠ፤ የሞቱም መጠን ከ43 ወደ 12.5 በመቶ ወረደ። ሄንሪ ሃርትማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1921 ዕጢውን ቆርጦ አንጀቱን መልሶ መስፋቱን ጨርሶ ተወው። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ ሕመምተኛው በሆዱ ላይ በተከፈተ የሰገራ መውጫ መኖር ነበረበት።

የሁለቱም መለኪያ ግን ከሆስፒታል በሕይወት መውጣት ነበር። ይህ ሚዛን አጭር እንደነበረ የታወቀው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የስኮትላንድ ጥናት በቀዶ ሕክምናው ሰሞን የሞቱትን ከቁጥር አውጥቶ እንኳ፣ ስፌታቸው ካፈሰሰባቸው መካከል አምስት ዓመት የኖሩት ካላፈሰሰባቸው ያነሱ መሆናቸውን አሳየ። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች ግልጹ የኬሞቴራፒ መዘግየት ነው። ካንሰሩ ወደ ንፍፊቶች ለደረሰባቸው ሕመምተኞች መድኃኒቱ ዕድሜ እንደሚያራዝም እ.ኤ.አ. በ1990 ተረጋግጧል፤ ሆዱ ያመረቀዘ ሕመምተኛ ግን ሳምንታት ያልፉታል፣ አንዳንዱም ከነጭራሹ ሳይጀምረው ይቀራል።