ያልተዘመረላቸው ካሴቶች

ዛሬ ስለ ራሽንም ስለ ወረቀትም አልጽፍም። ስለ ሙዚቃ ነው። ትንሽ ስለሚረዝም ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው ሳምንት ነው። ፎርም ስሪ የነበረ አንድ ተማሪዬ ትምህርቱን አቋረጠ። ኪቦርድ ማንም ሳያስተምረው በጆሮው ብቻ የለመደ ልጅ ነው። እዚህ ሞያሌ መንገድ ላይ አገኘሁትና «ምነው ጠፋህ?» ብለው፣ «ቲቸር፣ ፕሮሰሳችን አልቆ ስንሄድ እዚያው እማራለሁ፤ ሙዚቃውንም እዚያው» አለኝ። ልቆጣው ፈልጌ አፌ ተያዘ። እኔ ራሴ የታሪክ አስተማሪ ተብዬ አራት ዓመት አንድ ገጽ ሳልጽፍ የቆየሁት «ስንሄድ» እያልኩ አይደል?

ያን ቀን ያልነገርኩትን ዛሬ ልጻፈው።

እኛ ሙዚቃ ስንሰማ የምንጠይቀው የዘፋኙን ስም ነው። ከኋላ የቆመውን ኪቦርድ ተጫዋች ስም የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዘፋኝ የሌለበት ካሴት በሁለት መንገድ ሳይዘመርለት ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1977 ዋሊያስ ባንድ ያወጣው «ቼ በለው» ከሞላ ጎደል በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነው። ሙላቱ አስታጥቄም ተሳትፎበታል፤ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ዜማም ያለው እዚያ ላይ ነው። ዋሊያሶች ያኔ አዲስ አበባ ሂልተን ይጫወቱ ነበር። ጊዜው የደርግ ሰዓት እላፊ ስለነበር ማታ የገባ እንግዳ ሳይነጋ አይወጣም፤ ባንዱም አብሮ ያነጋል። ኪቦርዱ ላይ የነበረው የደብረ ብርሃኑ ልጅ ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1978 ደግሞ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠራ።

እነዚህ ሁለቱ ግሩም ናቸው። የእኔ ምርጫ ግን ከእነሱ በኋላ የመጣው ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዋሊያሶች ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሄዱ። ጉዞው ሲያልቅ ግማሹ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ግማሹ እዚያው ቀረ። ኃይሉ ከቀሩት አንዱ ነው። በ1985 አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገብቶ «ሸሞንሟናዬ» የሚባለውን ዜማ የያዘውን ካሴት ቀረጸ። አኮርዲዮኑን እሱ፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን እሱ፣ ሲንተሳይዘሩን እሱ፤ ከበሮውን ደግሞ ማሽን።

ሙሉ ባንድ ለለመደ ጆሮ መጀመሪያ ላይ ባዶ ይመስላል። እኔ ግን የምሰማው እንደ ታሪክ ሰነድ ነው። ቤዝ ተጫዋቹ የት ሄደ? ከበሮ መቺውስ? ሳክስፎኑስ? ካሴቱ መልሱን በቃል አይናገርም፤ ክፍት በተዉት ቦታ ያሳያል። የማሽኑ ምት ደረቅ ነው፤ አይደክም፣ አይሳሳት። በላዩ ላይ በልጅነቱ የለመደው አኮርዲዮን ሲተነፍስ፣ ሰው ካጣው ሁሉ መካከል የተረፈውን ሰብስቦ እንደገና ቤት ሲሠራ እሰማለሁ። እንዲህ ያለ የስደት ሰነድ በየትኛውም ቢሮ ፋይል ውስጥ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ኃይሉ መድረኩን ትቶ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ግን መኪናው ውስጥ ይዞ፣ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። ያለ ታዳሚ፣ ለዓመታት። ሰውየው አሜሪካ ሲቀር ካሴቱ አገር ቤት ገብቶ ኖሮ፣ ብሪያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር አገኘው። በ2013 እንደገና ታተመና ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ። ሲጠሩት ጣቱ አልዛገም ነበር።

«እሱ ዕድለኛ ነው» የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ዲትሮይት ውስጥ ሦስት ጥቁር ወንድማማቾች «ዴዝ»፣ ማለትም «ሞት»፣ የሚባል ባንድ ነበራቸው። በ1975 የቀረጹት ሮክ፣ ፓንክ የሚባለው ስልት ገና ስሙ ሳይወጣ የተሠራ ፓንክ ነው። የባንዱን ስም ቀይሩ ተባሉ፤ እምቢ አሉ። ቴፑ ተቀመጠ። አልበም ሆኖ የወጣው በ2009 ነው። ታላቅየው ዴቪድ በ2000 ሞቶ ስለነበር አላየውም። አያችሁ፣ ፈላጊ ሊዘገይ ይችላል፤ ጨርሶ ላይመጣም ይችላል። እነ ዴቪድ ግን እሱን ቁጭ ብለው ቢጠብቁ ኖሮ፣ ፈላጊው ሲመጣ የሚያገኘው ቴፕ አይኖርም ነበር።

ትናንት ልጁን አስጠራሁትና ካሴቱን በስልኬ አሰማሁት። ዝም ብሎ ሰምቶ ሲያበቃ «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ብቻውን ነው እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሰኞ ክፍል ይመጣ አይመጣ አላውቅም። እኔ ግን ይሄው፣ ከአራት ዓመት በኋላ አንድ ገጽ ጻፍኩ።

እናንተስ፣ ያልተዘመረለት የምትሉት ካሴት የትኛው ነው? ደግሞ ናይሮቢ ያላችሁ፣ የማትጠቀሙበት አሮጌ ኪቦርድ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቁልፉ ጥቂት ቢጎድልም ግድ የለም፤ አውቶቡስ ላይ ጫኑት፣ እዚህ እኔ እቀበላለሁ።

በቸር ያገናኘን።