አምስተኛው ቀጠና

በዲቪዲ ካርታ ላይ አርባ ምንጭ ከሙምባይና ከሞስኮ ጋር አንድ ቀጠና ውስጥ ናት፤ ከካይሮና ከጆሃንስበርግ ግን ትለያለች። የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን በስድስት ዋና ዋና ቀጠናዎች ሲሸነሽኑ አሜሪካንና ካናዳን 1፣ አውሮፓን፣ ጃፓንንና መካከለኛው ምሥራቅን 2 አሏቸው። ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሕንድና ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት አገሮች ጋር 5ኛው ላይ ተመደበች። ግብፅና ደቡብ አፍሪካ ከአህጉሩ ተነጥለው ከአውሮፓ ጎን ተሰለፉ። የአንዱ ቀጠና ዲስክ በሌላው ቀጠና ማጫወቻ እንዳይከፈት ቁልፍ ተደረገበት።

ዲቪዲ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ፣ ቀጥሎ በ1997 አሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። ክፍፍሉ የመጣው ከሲኒማ ቤት ሒሳብ ነው። አንድ ፊልም አሜሪካ ውስጥ በዲስክ ሲወጣ አውሮፓ ገና ቲኬት እየተቆረጠለት ሊሆን ይችላል፤ ዲስኩ ባሕር ተሻግሮ ያንን ገቢ እንዳይሻማ፣ ርካሽ ከሚሸጥበት አገርም ውድ ወደሚሸጥበት እንዳይፈስ ተፈለገ። ለፓሪስና ለቶኪዮ ነጋዴ ይህ ስሌት ይገባዋል። ለ5ኛው ቀጠና ተብሎ የታተመ የሆሊውድ ዲስክ ግን በአርባ ምንጭ ሰፈሮች በሲቀላም ሆነ በሴቻ ሱቆች ተደርድሮ አይቼ አላውቅም። ዕቃው ሳይመጣ እገዳው ቀድሞ ደረሰን።

የጋሞ ሰው ፊልም ያየው በሌላ መንገድ ነው። መጀመሪያ ቪዲዮ ቤቱ ነበር፦ መስኮቱ በጨርቅ የተሸፈነ ክፍል፣ ጀርባ የሌለው አግዳሚ ወንበር፣ ደጃፍ ላይ የቀኑ ፊልም በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ። የካሴቱ ዴክ ቦታውን ለቪሲዲ ለቀቀ። ቪሲዲ ምንም ዓይነት የቀጠና ቁልፍ የለውም፤ የአማርኛ ፊልምም መዝሙርም በየቤቱ የገባው በእሱ ነው። ከዚያ ዲቪዲ መጣ፤ የመጣው ግን ብዙ ፊልም አንድ ላይ የታጨቀበት ኮፒ ሆኖ ነው። ኮፒ አድራጊው ቁልፉን አስቀድሞ ስለሚያወልቀው፣ ዲስኩ የትም ቢሄድ ይከፈታል።

ነገሩ የተገላቢጦሽ የሆነው እዚህ ላይ ነው። ዋሽንግተን ያለች እህት ከሱቅ ከፍላ ገዝታ፣ ላስቲኩ ሳይቀደድ የላከችው ኦሪጅናል ዲስክ አርባ ምንጭ ደርሶ አልከፈትም ይላል። ጆሃንስበርግ ሠርቶ የሚኖር የደቡብ ልጅ ለታናሹ ያመጣለትም እንዲሁ። ከመንገድ ዳር የተገዛው ኮፒ ግን ያለ ምንም ችግር ይጫወታል። የቀጠናው ቁልፍ ሲያስቸግር የኖረው ሐቀኛውን ገዢ ነው። አገር ውስጥ የፊልምና የሙዚቃ ሰዎች በኮፒ ምክንያት እንጀራቸው ሲነጠቅ ኖሯል፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣውም ይህ እሮሮ ባለበት ዘመን ነው። ለእነሱ ይህ ቁልፍ አንዲት ሳንቲም አላዳነም።

ኮምፒውተር ላይ ጉዳዩ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የተሠሩ የዲቪዲ ማንበቢያዎች የቀጠናቸውን ቁጥር የሚይዙት በራሳቸው ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ላይ የማንበቢያውን ቅንብር ለከፈተ ሰው የአገሮች ዝርዝርና ከሥሩ አንድ ቁጥር ይታያል፤ ቁጥሩ ከ5 ይጀምራል። ቀጠና በተቀየረ ቁጥር አንድ ይቀንሳል፤ ዜሮ ሲደርስ ማንበቢያው በመጨረሻው ምርጫ ላይ ይቆለፋል። ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን አይፈታውም፤ ቆጠራው ያለው ማንበቢያው ውስጥ ነውና። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ተማሪ፣ የቀድሞው ባለቤት ስንቱን ዕድል እንደጨረሰ የሚያውቀው ከፍቶ ካየ ብቻ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከወጣቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ገና 16 ዓመት ያልሞላው ኖርዌያዊ ዮን ሌክ ዮሃንሰን የዲቪዲን ምስጠራ የሚፈታ ፕሮግራም ከሌሎች ጋር ሠርቶ ለሕዝብ አሰራጨ፤ ተከሶ በ2003 ኦስሎ ላይ በነፃ ተሰናበተ። የፓሪሱ ኤኮል ሳንትራል ተማሪዎች የጀመሩት የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም፣ ቪኤልሲም፣ በ2001 ለማንም በነፃ ተለቀቀ። ቪኤልሲ የዲስኩን ቁልፍ ራሱ ፈልጎ ስለሚያገኝ፣ አንዳንድ ግትር ማንበቢያዎች ካልሆኑ በቀር የየትኛውንም ቀጠና ዲስክ ይከፍታል። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የነበረው ይህ ትንሽ ፕሮግራም የቤተሰብ ስጦታዎችን ከመሳቢያ አውጥቷል ብል ማጋነን አይሆንም።

ሁልጊዜ ግን ጥፋቱ የቀጠና አይደለም። አሜሪካ የተቀረጸ የሠርግ ዲቪዲ የቀጠና ቁልፍ የለውም፤ የሚያስቸግረው የሥዕሉ ስልት ነው። እነሱ በሴኮንድ 30 ገደማ ፍሬም በሆነው ኤንቲኤስሲ ይቀርጻሉ፣ የእኛ ቴሌቪዥን ደግሞ 25 ፍሬም ባለው ፓል ይሠራል። አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ የሙሽራዋ ቀለም ይጠፋል ወይም ሥዕሉ ይንሸራተታል። ኮምፒውተር ሁለቱንም ሳይለይ ያሳያል፤ ሠርጉን በላፕቶፕ ዙሪያ ተሰብስበን የምናየው ለዚህ ነው።

እኔን ከሆሊውድ ይልቅ የሚያሳስበኝ ስለዚህ ምድር ተቀርጾ ውጭ የቀረው ነው። በርናር ሎርታ-ዣኮብ የቀዳው የዶርዜዎች የኅብረ ድምፅ ዜማ እ.ኤ.አ. በ1977 በሸክላ የታተመው ፈረንሳይ ነው። ከአርባ ምንጭ በኮንሶ በኩል ወርደን ስለምንደርስባቸው ሐመሮች ሮበርት ጋርድነር የሠራው ፊልምም፣ ስለ ሙርሲዎች ሌስሊ ውድሄድ ከዴቪድ ተርተን ጋር የሠራውም በ1974 ነው የወጡት። ያኔ ሕፃን ሆኖ የተቀረጸ ሰው ዛሬ ሃምሳውን አልፏል፤ ራሱን አይቶ ላያውቅ ይችላል።

አዳዲሶቹ ላፕቶፖች የዲስክ ማንበቢያ የላቸውም፣ ወጣቱም ፊልም የሚያስጭነው በፍላሽና በሜሞሪ ነው። በየአገሩ የሚገኙ ቤተ መዛግብት እነዚህን ሥራዎች ያለ ዲስክና ያለ ቀጠና፣ በፋይል መላክ ይችላሉ። በ1979 ዓ.ም. በውሃ ቴክኖሎጂ ተቋምነት የጀመረው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ቤተ መጻሕፍትም ተመራማሪም አለው። በስም እየጠቀሰ፣ በደብዳቤ ይጠይቃቸው። ቅጂው ሲደርስም በዶርዜና በጨንቻ በአደባባይ ይታይ፣ የሚዘፍኑት እነማን እንደሆኑ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ።