የአንጀት ነገር

እኛ ስናዝን «አንጀቴን በላኝ» እንላለን። ለማያውቀን ሰው ግራ የሚያጋባ አነጋገር ነው፤ ርኅራኄን ሆድ ዕቃ ውስጥ ያስቀመጥን ሕዝብ ነና! ደግነቱ ብቻችንን አይደለንም። ወንጌሎቹ በተጻፉበት በግሪክኛ፣ ኢየሱስ ለሰው አዘነ ለማለት ደጋግሞ የሚመጣው ግስ «ስፕላንክኒዞማይ» ነው። የተገኘውም «ስፕላንክና» ከሚለው የሆድ ዕቃ መጠሪያ ነው። «አንጀቱ ተላወሰ» ብንለው ከቃሉ ብዙም አንርቅም።

እስቲ ለምጻሙን ሰውዬ አስቡት። በሙሴ ሕግ መሠረት ከሰፈር ወጥቶ ለብቻው የሚኖር፣ ሰው ሲጠጋው ርኩስ ነኝ ብሎ የሚጮህ ነበር። ኢየሱስ የመቶ አለቃውን አገልጋይ ቤቱ ድረስ ሳይሄድ ከሩቅ ፈውሶታል። ስለዚህ ለምጻሙንም በቃል ብቻ ማዳን ይችል ነበር። እሱ ግን እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው። ያንን ዳሰሳ የፈለገው በሽታው ሳይሆን ሰውየው ይመስለኛል። የሰው እጅ ከነካው ስንት ዓመት ሆኖት ይሆን?

ይኸው ኢየሱስ በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ደክሞት የተቀመጠ፣ ጀልባ ላይ እንቅልፍ የጣለው፣ በአልዓዛር መቃብር ያነባ ነው። ይህ ሰውነቱ ያስቸገራቸው ሰዎች ግን አልጠፉም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሎዶቅያው አቡሊናርዮስ ክርስቶስ የሰው አእምሮ አልነበረውም፣ በእሱ ቦታ መለኮታዊው ቃል ነበር ብሎ አስተማረ። የናዚያንዙ ጎርጎርዮስ ደግሞ፣ እንግዲያው አእምሯችን ሳይድን ቀረ ማለት ነው ሲል ሞገተው። የአቡሊናርዮስ ትምህርት በ381 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ተወገዘ።

የዚህ የጎርጎርዮስ የአቴና ትምህርት ቤት ጓደኛ ነው እንግዲህ ባስልዮስ። አዎ፣ ቅዳሴው በኛ ቤተ ክርስቲያን የሚቀደሰው ባስልዮስ። በ369 እ.ኤ.አ. ገደማ በቀጰዶቅያ (ዛሬ ቱርክ ውስጥ ነው) ክፉ ረሃብ ገባ። የሀብታም ልጅ የነበረው ባስልዮስ እህል የቆለፉትን ባለጠጎች በስብከቱ ወቀሰ፤ ረሃብተኞቹን ሰብስቦም ምግብ ያድል ጀመር። በ370 ጳጳስ ከሆነ በኋላ ከቂሳርያ ከተማ ወጣ ብሎ ለድሆች፣ ለመንገደኞችና ለሕሙማን መጠለያ ሠራ። ሐኪምና አስታማሚ የነበረው ይህ ቦታ በኋላ በስሙ «ባስልያስ» ተባለ። ነገሩ ያላማራቸው ሰዎችም ነበሩና ለአገረ ገዥው ለኤልያስ ደብዳቤ ጽፎ ሥራውን መከላከል ነበረበት። ጎርጎርዮስ በጓደኛው መታሰቢያ ንግግር ላይ እንደመሰከረው፣ ባስልዮስ ለምጻሞቹን ይስማቸው ነበር።

ልብ በሉ! በትምህርተ ሃይማኖት ክርክር ስማቸው የገነነው ሰዎች እነዚሁ ናቸው። ክርስቶስ እውነተኛ ሥጋ ለብሷል ብሎ መከራከርና የታመመን ሥጋ ማቀፍ ለእነሱ አንድ ጉዳይ ነበር።

ወደ እኛ ስመጣ አፍራለሁ። እኔና ጓደኞቼ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ እንከራከራለን። ባለፈው እሁድ ግን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጣቶቹ በሥጋ ደዌ የተጎዱ አባት እጃቸውን ሲዘረጉልኝ፣ ሳንቲሙን እጄ እንዳይነካቸው ከፍ አድርጌ ጣልኩት። በሽታው ዛሬ በመድኃኒት እንደሚድን አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የተቀናጀውን ሕክምና የመከረው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። መድኃኒት የጀመረ ሰው በሽታውን እንደማያስተላልፍም አንብቤያለሁ። ታዲያ የፈራሁት ምኑን ነው?

ሳንቲሙ ድንጋዩ ላይ ወደቀ። አባቴ ጎንበስ ብለው ለቀሙትና «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሉኝ። በሚቀጥለው እሁድ እጃቸው ላይ አኖረዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። እናንተስ?

ቸር ያሰንብተን።