ሀንትሊ ሜዶውስ

ሀንትሊ ሜዶውስ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ በፌርፋክስ ካውንቲ፣ ከአሌክሳንድሪያ ከተማ በስተደቡብ የሚገኝ ጥብቅ የተፈጥሮ ሥፍራ ነው። ስፋቱ ከ1,500 ኤከር (ከ600 ሄክታር) በላይ ነው። ዙሪያውን የመኖሪያ መንደሮች፣ የገበያ ማዕከሎችና መኪና የማይቋረጥበት ሪችመንድ ሀይዌይ ከበውታል፤ በውስጡ ግን ደን፣ ሜዳና ሰፊ ረግረግ ይዟል። የሚያስተዳድረው የካውንቲው የመናፈሻዎች ባለሥልጣን ነው። ለመግባት ክፍያ የለም።

ሀይብላ ቫሊ የሚባለውን ይህን ዝቅተኛ መሬት የቦረቦረው የፖቶማክ ወንዝ ነው። በጥንት ዘመን ወንዙ እየተጠማዘዘ ያልፍበት ነበር፤ መንገዱን ሲቀይር ውኃ የሚያቁር ጠፍጣፋ መሬት ትቶ ሄደ። ኋላ ቦታው ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የሆነው የጆርጅ ሜሰን ቤተሰብ ርስት ሆነ። የልጅ ልጁ ቶምሰን ሜሰን በ1825 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከፍ ባለው ኮረብታ ላይ ያሠራው ቤት ሀንትሊ ይባላል። ቤቱ ዛሬም አለ፤ የመናፈሻው ስም የመጣውም ከእሱ ነው።

ቦታው ረግረግ ሆኖ የቀረው ማንም ሳይነካው ቀርቶ አይደለም። በ1920ዎቹ ሄንሪ ውድሀውስ የተባለ ባለሀብት ግዙፍ የአየር መርከቦች የሚያርፉበት ጣቢያ ሊሠራበት አነስተኛ እርሻዎችን እየገዛ አጠቃለለ፤ ዕቅዱ ሳይሳካ ቀረ። በ1940ዎቹ የፌዴራል መንግሥት ያዘውና የአስፋልት ዓይነቶችን መሞከሪያ አደረገው። በ1950ዎቹ ዋሽንግተንን የሚጠብቁ የአየር መቃወሚያ መድፎች ተተከሉበት፤ ከዚያም የባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ በምስጢር የሬዲዮ ግንኙነት ሙከራ አካሄደበት። በ1975 መንግሥት ከመሬቱ 1,261 ኤከሩን ለፌርፋክስ ካውንቲ በ1 ዶላር ሸጠ። በዋሽንግተን ደጃፍ ይህን የሚያህል መሬት ከቤት ሠሪዎች እጅ የተረፈው በመጀመሪያ በከሸፈ ዕቅድ፣ ቀጥሎም በወታደር አጥር ምክንያት ነው።

ረግረጉን ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ የፈጠረው ግን ቢቨር ነው። ቢቨር በኢትዮጵያ የሌለ፣ በውኃና በየብስ የሚኖር፣ የአይጥ ወገን ከሆኑት የሰሜን አሜሪካ እንስሳት ሁሉ ትልቁ ነው። ጅራቱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ አደጋ ሲሰማው ውኃውን በኃይል ይመታበትና ይጠልቃል። የፊት ጥርሶቹ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋሉ፤ ብረት ስላለባቸው ቀለማቸው ወደ ብርቱካንማ ያደላል። በነዚህ ጥርሶች ዛፍ ይጥላል፤ በግንድ፣ በቅርንጫፍና በጭቃም ጅረት ይገድባል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቢቨሮች እዚህ ግድብ ሲሠሩ ውኃው ተኝቶ ደኑ ውስጥ ገባ። ዛፎቹ ቆመው ደረቁ፤ በሞቱት ግንዶች ላይ ግንደ ቆርቁሮች ጎጆ ፈለፈሉ፤ ከሥራቸው ፊላ በቀለ። የጣና ዳር ሰው ይህን ተክል ለመለየት አስረጂ አያስፈልገውም።

ከዚያ በኋላ ያስቸገረው ዙሪያውን የሚያድገው ከተማ ነው። ጣሪያና አስፋልት ዝናብ ስለማያሰርጉ ጎርፉ አፈር እየጠረገ ወደ ረግረጉ አገባው። ኩሬዎቹ ደለል ሞላቸው፣ ቢቨሮቹም ቦታ ለወጡ። ጥልቅ ውኃ የሚሹ ዓሦችና እንቁራሪቶች፣ እነሱን ተከትለው የሚመጡ ወፎችም ቀነሱ። ከረጅም ክርክርና ጥናት በኋላ በ2014 የተጠናቀቀው ሥራ ዝቅ ያለ የአፈር ግድብ፣ የውኃውን ከፍታ የሚቆጣጠሩ ቧንቧዎችና ተቆፍረው የጠለቁ ኩሬዎችን አስገኘ። የታሰበው ገሚሱ ክፍት ውኃ፣ ገሚሱ ተክል የሆነ ረግረግ ማቆየት ነው። ተፈጥሮ ለራሷ ትተው የሚሉ ሰዎች ይህን እንደ ጣልቃ ገብነት ይቆጥሩታል። ጎርፉን የሚልከው የሰው መንደር እስከሆነ ድረስ ግን ውኃውን መንከባከብም የሰው ዕዳ ነው።

ጎብኚዎች ብዙውን ጊዜ የሚገቡት በሎክሂድ ቡሌቫርድ መጨረሻ ባለው በር ነው። የጎብኚዎች ማዕከሉ በኖርማ ሆፍማን ስም ተሰይሟል፤ እሷ በ1980ዎቹ መናፈሻውን አቋርጦ ሊያልፍ የታሰበውን መንገድ ለማስቀረት ከታገሉት ግንባር ቀደሟ ናት። ከማዕከሉ ጀምሮ በደኑ ውስጥ የሚሄደው መንገድ ከውኃው በላይ ከተዘረጋ ረጅም ርብራብ ላይ ያደርሳል። ርብራቡ ከመመልከቻ ማማ ጋር ይገናኛል።

ርብራቡ ላይ ብዙ የሚያየው ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ነው። ሰማያዊ ግራጫ መልክ ያለው ትልቁ ሳቢሳ ከሰው ጥቂት ሜትር ርቆ፣ አንገቱን አጥፎ ሳይነቃነቅ ይቆማል። ድንገት አንገቱ ይወረወርና ዓሣ ወይም እንቁራሪት ይዞ ይወጣል፤ የያዘውንም በጭንቅላቱ በኩል አዙሮ ይውጠዋል። ከሥር ኤሊዎች ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ መርዝ የሌለው የውኃ እባብም ርብራቡ ጠርዝ ላይ ተጋድሞ ይገኛል። የብርዱ ወቅት ሲያልቅ፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ ከአውራ ጣት ጫፍ እምብዛም የማይበልጡ እንቁራሪቶች ጩኸት ጆሮ ይሞላል። በቦታው ከ200 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ለዳክዬዎች የጠዋቱ ሰዓት ይሻላል፤ ቢቨር ለማየት ደግሞ ምሽቱን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ሥራው የሌሊት ነውና።

ውሻና ብስክሌት ርብራቡ ላይ አይፈቀዱም። ለእነሱ በሳውዝ ኪንግስ ሀይዌይ በኩል የሚጀምር ሌላ መንገድ አለ፤ ውሻው ግን በማሰሪያ መያዝ አለበት። እንስሳትን መመገብ ክልክል ነው።