ከግቢው አጥር ባሻገር፦ ዩኒቨርሲቲ፣ ኢንተርኔትና ማኅበረሰብ በኢትዮጵያ



ንግግሬን በአንድ ትዝታ እጀምራለሁ። ባለፈው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ በሆነበት ዕለት አንዲት እናት በግቢያችን በር ላይ ቆመው አየሁ። የልጃቸውን መለያ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ይዘው፣ ከሚወጡት ተማሪዎች መካከል ውጤቱን በስልኩ የሚያይላቸው ይፈልጉ ነበር። ፈጣኑ ኢንተርኔት ከአጥሩ ውስጥ ነበር፤ እርሳቸው ግን ከውጭ። የታሪክ መምህር ነኝና ይህ አጥር እንዴት እንደ ጸና ራሴን ጠየቅሁ።

የኢንተርኔት አገልግሎት በአገራችን ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። ዕውቀቱ ግን ከመስመሩ ቀድሞ ገብቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን የመረጃ ሳይንስ ትምህርት ቤት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1990 ነበርና። በኋላም ወረዳኔት የወረዳ አስተዳደሮችን፣ ስኩልኔት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን፣ የትምህርትና ምርምር ኔትወርኩ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎችን አገናኙ። ልብ እንበል፤ እነዚህ መስመሮች የተዘረጉት ተቋምን ከተቋም ለማገናኘት ነው። ተቋሙን ከጎረቤቱ ማገናኘት የማንም ግዴታ ሆኖ አልተጻፈም። አጥሩ የጸናው በክፋት ሳይሆን በዚህ ዝምታ ነው።

ሆኖም ዩኒቨርሲቲ ከአጥሩ የወጣበት ዘመን ነበር። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለውን ሥርዓት ጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኞቹም በትምህርት ቤቶች አስተማሩ። አገልግሎቱ የትምህርቱ አካል እንጂ ምጽዋት አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ፊደልን ለገበሬው በየቋንቋው አደረሰ፤ በ15 ቋንቋዎችም ተሰጠ።

ሁለቱም ከላይ በትእዛዝ የመጡ ነበሩ፤ ጉድለታቸውን መሸፈን የታሪክ ሰው ሥራ አይደለም። ትተውልን የሄዱት ትምህርት ግን ግልጽ ነው፦ መጽሐፍ ብቻውን አያስተምርም፤ አጠገብ የሚቀመጥ ሰውና ተማሪው የሚሰማው ቋንቋ ያስፈልጋሉ። ዛሬም ገመድ ብቻውን አያስተምርም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ መለኪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር በቋንቋችን አይጽፍም የሚለው ሰበብ ካበቃ ቆይቷል።

ከዚህ ተነሥቼ ለፋኩልቲያችን ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የቤተ መጻሕፍታችን የኮምፒውተር ክፍል በሳምንት አንድ ቀን ለአካባቢው ነዋሪ ይከፈት። ሁለተኛ፣ ተማሪዎቻችን ጎረቤቶቻቸውን በዲጂታል ክህሎት የሚያሠለጥኑበት ሰዓት፣ እንደ ቀድሞው አገልግሎት፣ በትምህርታቸው ውስጥ ይቆጠር። የጥበቃና የኤሌክትሪክ ወጪ እንደሚያስከትል አውቃለሁ። አጥሩም ወጪ አለው፤ የሚከፍሉት ግን ከውጭ ያሉት ናቸው።

ለእኚያ እናት ውጤቱን ያየላቸው አንድ ተማሪያችን ነው፤ ደግ ሥራ ሠርቷል። የእኔ ምኞት ግን በሚቀጥለው ጊዜ ራሳቸው ገብተው፣ ተቀምጠው፣ በራሳቸው እጅ እንዲያዩት ነው።