ሽቱትጋርት 1929፦ ካሜራ የማንን ወገን ይዞ ነበር?

እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 1929 በደቡብ ጀርመን፣ በሽቱትጋርት ከተማ አንድ ዐውደ ርእይ ተከፈተ። ስሙ አጭር ነበር፤ «ፊልምና ፎቶ»። ያዘጋጀው ዶይቸር ቬርክቡንድ የተባለው የአርቲስቶች፣ የአርክቴክቶችና የኢንዱስትሪ ሰዎች ማኅበር ነው።

ከዚያ ቀደም በነበሩት ዓመታት «ጥበባዊ» የሚባለው ፎቶግራፍ ሥዕል ለመምሰል ይጥር ነበር። ምስሉ ይደበዝዛል፣ ጭጋግ ይለብሳል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፈው ወጣት ትውልድ ግን ይህ አልጣመውም። የአባቶቹ ዓለም በጦር ሜዳ ፈርሷል፤ ስለዚህ በአባቶቹ ዓይን ማየት አልፈለገም። በ1925 ላይካ የተባለችው ትንሽ ካሜራ ገበያ ላይ ስትውል ደግሞ ፎቶ አንሺው ከባድ ሣጥንና ባለ ሦስት እግር መቆሚያ መሸከሙ ቀረለት። ሰገነት ላይ ወጥቶ ቁልቁል፣ መሬት ላይ ተኝቶ ሽቅብ ማንሣት ጀመረ።

ሽቱትጋርት ይህን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ሰበሰበች። የመግቢያውን አዳራሽ ያሰናዳው ሃንጋሪያዊው ሞሆይ ናጅ ነበር። የሶቭየቱን ክፍል ኤል ሊሲትስኪ፣ የአሜሪካውን ኤድዋርድ ዌስተንና ኤድዋርድ ስታይክን አዘጋጁት። ከአርቲስቶች ሥራ ጎን የኤክስሬይ፣ የጋዜጣና የማስታወቂያ ፎቶዎች እኩል ተሰቀሉ። በጁን ወር ደግሞ ሃንስ ሪኽተር ባሰናዳው የፊልም ፕሮግራም የቬርቶቭና የአይዘንስታይን ሥራዎች ለሕዝብ ታዩ። ዐውደ ርእዩ ከዚያ ተነሥቶ ዙሪክን፣ በርሊንን፣ ቪየናን አዳርሶ በ1931 ጃፓን ድረስ ዘለቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ናዚዎችን በፎቶ ሞንታዥ ሲወጋ የኖረው ጆን ሃርትፊልድ በሽቱትጋርት ባቀረበው ክፍል፣ ፎቶን እንደ ጦር መሣሪያ ተጠቀሙበት የሚል መፈክር ተሰቅሎ ነበር። መሣሪያውን ለማንሣት ግን ሌሎችም አልዘገዩም።

በ1932 ሙሶሊኒ በሮም የፋሺስት አብዮት ዐውደ ርእይን ከፈተ። ግድግዳ የሚያለብሱት ግዙፍ ፎቶ ሞንታዦች ሊሲትስኪ በ1928 በኮሎኝ ከሠራው ጋር የሥጋ ዘመድ ይመስሉ ነበር። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ሃርትፊልድ ወደ ፕራግ ሸሸ፤ ሞሆይ ናጅም በተከታዩ ዓመት ከጀርመን ወጣ። በዚያው በ1933 በርሊን ላይ «ካሜራ» በሚል ስም ሌላ ዐውደ ርእይ ተከፈተ። ግዙፎቹ ፎቶዎች አሁንም አሉ፤ የሚያሳዩት ግን የናዚ ሰልፍ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ነገሩ ኢትዮጵያ ደረሰ። ሉቼ የተባለው የፋሺስት ኢጣሊያ የፊልም ተቋም ለምሥራቅ አፍሪካው ዘመቻ የተለየ የፎቶና የፊልም ክፍል አቋቁሞ ካሜራዎቹን ከጦሩ ጋር ላከ። ወረራው በእነዚያ ፊልሞች መንገድ ግንባታና ሥልጣኔ ሆኖ ቀረበ። በወገን ጦርና በገበሬው ላይ የዘነበው የመርዝ ጋዝ ግን አይታይም።

በዚያው በ1935 አልፍሬድ አይዘንሽታት የተባለው አይሁዳዊ ጀርመናዊ ኢትዮጵያ ገብቶ ነበር። ካነሣቸው ፎቶዎች አንዱ የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግር ነው። ፊቱን አላሳየም፤ ተጠግቶ ጭቃ የነካውን እግር ብቻ አነሣ። ዓለም ያ ሠራዊት በምን አቅሙ ታንክና አውሮፕላን ሊገጥም እንደተነሣ ከዚያ ምስል አየ። አይዘንሽታት ራሱ በዚያው ዓመት ጀርመንን ለቆ ወደ አሜሪካ ተሰደደ።

ተጠግቶ ማንሣት፣ ሽቅብ ማንሣት፣ ምስልን ከምስል መቀጠል በስድስት ዓመት ውስጥ ለወራሪም ለተወራሪም ምስክርነት አገለገለ። ዛሬ በየስልኩ የሚደርሰው የጦርነት ቪዲዮም በዚያው ዘዴ የተሠራ ነው። ስለዚህ ምስሉ ማማሩን ከማድነቅ በፊት ሁለት ጥያቄ ማንሣት ይገባል፦ ካሜራው ከማን ጎን ቆሞ ነው ያነሣው? ከምስሉ ውጭስ ማን ቀረ?