የእጅ ጓንት፦ ከአደጋ የሚከላከል፣ እጅንም ከሥራ የማያግድ እንዲሆን

የእጅ ጓንት በሥራ ቦታ በስፋት ከሚታደሉ የአደጋ መከላከያ ቁሳቁሶች አንዱ ነው፤ በዚያው ልክም ኪስ ውስጥ ከሚቀሩት አንዱ ነው። ፌሮ የሚያስር ሠራተኛ ወፍራም ጓንት አድርጎ ቀጭኑን ማሰሪያ ሽቦ መቆንጠጥ ሲያቅተው ጓንቱን ያወልቃል። ትንሽ ብሎን ከዳዶው ጋር ማገናኘት ያለበት መካኒክም እንዲሁ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የሚደርሰው ጉዳት በባዶ እጅ ላይ የሚደርስ ነው። በመሆኑም ጓንት ሲሠራም ሆነ ሲገዛ መነሣት ያለበት ጥያቄ «ምን ያህል ይከላከላል?» የሚል ብቻ ሳይሆን «ሠራተኛው ሳያወልቀው ሥራውን መጨረስ ይችላል ወይ?» የሚል ጭምር ነው።

ጥበቃና የእጅ ቅልጥፍና የሚጋጩት ለምንድን ነው?

ጣቶችን የሚያጥፉት ዋና ዋና ጡንቻዎች የሚገኙት በክንድ ውስጥ ነው። ጓንቱ ግትር ከሆነ የክንዱ ጉልበት ከፊሉ መሣሪያውን ለመያዝ ሳይሆን ጓንቱን ለማጠፍ ይውላል። በተጨማሪም በጣት ጫፍና በዕቃው መካከል የሚገባ እያንዳንዱ ንብርብር የመዳሰስ ስሜትን ይቀንሳል፤ ሠራተኛውም ዕቃው እንዳያመልጠው ከሚያስፈልገው በላይ አጥብቆ ይይዛል። የሁለቱ ድምር ድካም ነው፤ ድካሙም የሚሰማው በመጀመሪያው ሰዓት ሳይሆን ከቀትር በኋላ ነው። ጓንት በሱቅ ውስጥ ለአፍታ ተሞክሮ «ጥሩ ነው» ሲባል ይህ አይታይም።

በንድፍ የሚገኘው መፍትሔ

ዘና ያለ እጅ ዝርግ አይደለም፤ ጣቶቹ በመጠኑ የታጠፉ ናቸው። በዝርግ ቅድ የተሰፋ ጓንት ግን ሁልጊዜ ወደ ዝርግነቱ ለመመለስ ስለሚታገል ጣትን ይጎትታል። ለዚህ ሲባል የተሻሉት ጓንቶች ከመነሻቸው የእጅን ተፈጥሯዊ ጉብጠት ይዘው ይቀደዳሉ፤ አውራ ጣቱም ራሱን ችሎ ተቀዶ፣ ወደ መዳፉ በሚዞርበት አቅጣጫ ይሰፋል። ስፌቱ በጣት ጫፍ ላይ እንዳያርፍ ይደረጋል፤ ስፌት በጣት ጫፍ ላይ ካረፈ ትናንሽ ነገሮችን ማንሣት ያስቸግራልና። ጥበቃውም በሁሉም ቦታ እኩል አይከፋፈልም። ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚያልቀው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ቦታ በመሆኑ እዚያ ተጨማሪ ንጣፍ ይደረጋል፤ አደጋው ከመዳፍ በኩል ብቻ በሚመጣበት ሥራ የእጅ ጀርባው ስስና አየር የሚያስገባ ሆኖ ይተዋል።

በዚህ መስክ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከቅዱ ሳይሆን ከክሩ ነው ማለት ይቻላል። አሜሪካዊቷ የኬሚስትሪ ባለሙያ ስቴፋኒ ክወለክ እ.ኤ.አ. በ1965 በዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ወደ ኬቭላር ያደረሰውን ግኝት ካስመዘገበች ወዲህ፣ ስለት በቀላሉ የማይበጥሳቸው ክሮች ለጓንት መሥሪያ መዋል ጀምረዋል። ዛሬ ከኬቭላር ዓይነት ክሮች ሌላ ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው ፖሊኢትሊን፣ እንዲሁም በውስጡ የመስታወት ጭረት ወይም ቀጭን የብረት ሽቦ የያዘ ክር ይሠራበታል። የተሸመኑ ጓንቶች ስስነት የሚለካው በአንድ ኢንች ውስጥ በሚሠሩ መርፌዎች ቁጥር ነው፤ ባለ 7 እና ባለ 10 የሚባሉት ወፍራሞች፣ ባለ 13 እና ባለ 15 መካከለኞች፣ ባለ 18 ደግሞ ስሶች ናቸው። ጥሩ ክር ያለው ስስ ጓንት ከወፍራም ተራ ቆዳ ይልቅ ስለትን ሊቋቋም ይችላል። ቆዳ መፋተግንና የብየዳ ፍንጣሪን እንጂ ስለትን በመቋቋም የሚደነቅ አይደለም፤ «ወፍራም ቆዳ ሁሉን ይችላል» የሚለው አስተሳሰብ ላሜራና መስታወት በሚቆረጥባቸው ቦታዎች በተለይ አሳሳች ነው።

ይህ ሲባል ቆዳ ጊዜው አልፎበታል ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የበግ ሌጦ ስስ ሆኖ ጥንካሬውን ስለማያጣ በዓለም ገበያ ለጓንት ቆዳነት የታወቀ ነው። ጥንቃቄና የጣት ስሜት ለሚጠይቀው የቲግ ብየዳም የበግና የፍየል ቆዳ ጓንት ይመረጣል። የአውሮፓ የበያጆች ጓንት ደረጃ ኢኤን 12477 ይህንኑ ልዩነት በግልጽ ይቀበላል፦ ዓይነት ኤ የሚባለው ከፍ ያለ ጥበቃ የሚሰጥ ሲሆን፣ ዓይነት ቢ ደግሞ ከጥበቃው ጥቂት ቀንሶ ለጣቶች የበለጠ ነፃነት ይሰጣል። ደረጃውን ያወጡት ባለሙያዎች ሁለቱን በአንድ ጓንት ሙሉ በሙሉ ማሟላት እንደማይቻል ተረድተው ምርጫውን በሥራው ዓይነት እንዲወሰን አድርገዋል።

በጓንት ላይ ያሉ ምልክቶች ምን ይላሉ?

ከውጭ በሚገቡ ጓንቶች ላይ በብዛት የሚታየው ኢኤን 388 የተሰኘው የአውሮፓ ደረጃ ምልክት ነው። ከምልክቱ ሥር አራት አኃዞችና አንድ ወይም ሁለት ፊደላት ይገኛሉ። አኃዞቹ በቅደም ተከተል መፋተግን (እስከ 4)፣ በሚሽከረከር ስለት መቆረጥን (እስከ 5)፣ መቀደድንና መበሳትን (እያንዳንዳቸው እስከ 4) የመቋቋም አቅምን ያሳያሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ከኤ እስከ ኤፍ ያለው የላቲን ፊደል ቀጥ ባለ ስለት የተደረገውን የመቆረጥ ፈተና ውጤት ይገልጻል፤ ኤ 2 ኒውተን፣ ኤፍ ደግሞ 30 ኒውተን ኃይልን መቋቋምን ያመለክታል። ፒ የሚለው ፊደል ካለ ጓንቱ ለምት መከላከያነት ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። ኤክስ ማለት ግን ወደቀ ማለት ሳይሆን አልተፈተነም ማለት ነው። የመበሳት ፈተናው የሚደረገው ምስማር በሚመስል ወፍራም ሹል በመሆኑ፣ በዚህ ከፍተኛ ውጤት ያገኘ ጓንት የሕክምና መርፌን ያግዳል ተብሎ መታመን የለበትም።

የእጅ ቅልጥፍናም ይለካል። በኢኤን አይኤስኦ 21420 መሠረት ፈታኙ ጓንቱን አድርጎ በዝርግ ቦታ ላይ የተኙ የብረት ዘንጎችን በ30 ሰከንድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ያነሣል። 11 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ብቻ ማንሣት ከተቻለ ደረጃው 1 ሲሆን፣ 5 ሚሊሜትር የሆነውን ማንሣት ከተቻለ 5 ይሆናል። ይህ ቁጥር ከኢኤን 388 አኃዞች መካከል ስለማይገኝ ከጓንቱ ጋር በሚመጣው መግለጫ ላይ መፈለግ ይኖርበታል።

የእጅ ልክ

ምንም ያህል የተዋጣለት ጓንት ልኩ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ሰፊ ሲሆን የጣቱ ጫፍ ይተጣጠፋል፣ በዕቃም ይያዛል፤ ጠባብ ሲሆን ደም ዝውውርን ያውካል፣ ጣትን ያደነዝዛል። ልክ የሚወሰደው ከአውራ ጣት በስተቀር የመዳፍን ዙሪያ በሜትር በመለካት ነው፦ 178 ሚሊሜትር ቁጥር 7፣ 203 ሚሊሜትር ቁጥር 8፣ 229 ሚሊሜትር ቁጥር 9፣ 254 ሚሊሜትር ቁጥር 10 ይሆናል። በግዢ ሰነድ ላይ «ጓንት፣ 200 ጥንድ» ብሎ መጻፍ በቂ አይደለም። ሴቶች በሚበዙባቸው ፋብሪካዎች ቁጥር 10 ብቻ ማቅረብ ጓንት እንዳላቀረቡ ያህል ነው። ከግዢው በፊት ጥቂት ሠራተኞች ናሙናውን በገዛ ሥራቸው ላይ ሙሉ ቀን ቢሞክሩት ብዙ ገንዘብ ከብክነት ይድናል።

ለቅልጥፍና ሲባል ጥበቃ የማይቀነስባቸው ሥራዎች

የኤሌክትሪክ ሥራ የመጀመሪያው ነው። ኃይል የማያስተላልፉ የጎማ ጓንቶች በደረጃ የተከፋፈሉ ሲሆን ዝቅተኛው ደረጃ 00 እስከ 500 ቮልት፣ ደረጃ 0 እስከ 1,000 ቮልት፣ ከፍተኛው ደረጃ 4 ደግሞ እስከ 36,000 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ላለበት ሥራ የተዘጋጁ ናቸው። ደረጃው ከፍ ሲል ጎማው ይወፍራል፣ ጣቶችም ይተሳሰራሉ። ጎማው እንዳይበሳ ከላዩ የቆዳ ጓንት ይደረብበታል፤ ከመጠቀም በፊትም በአየር ተሞልቶ ቀዳዳ እንደሌለው ይፈተሻል። ይህ ሁሉ ሥራውን ቢያስቸግር መፍትሔው ስስ ጓንት መምረጥ ሳይሆን ኃይሉን አቋርጦ መሥራት ነው።

ኬሚካል ሁለተኛው ነው። ፀረ ተባይ የሚረጭ ሠራተኛ የጨርቅ ወይም የቆዳ ጓንት ቢያደርግ ኬሚካሉ ይመጠጥና በቆዳው ላይ ይቆያል። የናይትሪል ጓንትም ቢሆን ቀዳዳ ሳይኖረው ኬሚካሉ ቀስ በቀስ ሊያልፈው ይችላል፤ በዚህ ረገድ ዓይነት ኤ የሚባሉት ጓንቶች ቢያንስ ስድስት የፈተና ኬሚካሎችን እያንዳንዳቸውን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ የሚያግዱ ናቸው። በአበባ እርሻ ጽጌረዳ የሚቆርጥና ርጭት የሚያካሂድ ሠራተኛ አንድ ዓይነት ጓንት ሊታደላቸው አይገባም።

በሌላ በኩል ጓንት ራሱ አደጋ የሚሆንበት ቦታ አለ። በቶርኖ፣ በቋሚ ትራፓኖና በመሰል ተሽከርካሪ ማሽኖች አጠገብ ጓንቱ ከተያዘ እጅን ጎትቶ ያስገባል። በዚህ ቦታ እጅን የሚጠብቀው የማሽኑ መከለያ ነው፤ ጓንት የሚደረገው ማሽኑ ቆሞ ስለታም ቁርጥራጭ ሲነሣ ነው።

መብትና ግዴታ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ለሠራተኞች የአደጋ መከላከያ መሣሪያና አልባሳት የማቅረብና ስለ አጠቃቀማቸው መመሪያ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155ም የሥራ ደህንነት እርምጃዎች ለሠራተኛው ወጪ እንዳይሆኑ ያዛል፤ ስለዚህ የጓንት ዋጋ ከደመወዝ ሊቆረጥ አይገባም። ሠራተኛውም በአንቀጽ 93 መሠረት የተሰጠውን መከላከያ በአግባቡ መጠቀምና ጉድለት ሲያይ ለአሠሪው ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት።

ጓንቱ ሥራውን የሚያስተጓጉል ከሆነ ዝም ብሎ ማውለቅ ከሁሉ የከፋው አማራጭ ነው። ሠራተኛው የትኛው ሥራ ላይ፣ ምን እንዳስቸገረው ገልጾ ለቅርብ ኃላፊው ወይም ለድርጅቱ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ ያመለክታል፤ የጓንቱን ልክና በላዩ ያለውን ምልክት ቢጠቅስ ምትክ ለማፈላለግ ይረዳል። በድርጅቱ ውስጥ መልስ ካላገኘ በሚሠራበት አካባቢ ለሚገኘው የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አካል በቃል ወይም በጽሑፍ ማመልከት ይችላል።